ዛንዚባር በግማሽ ቀን፦ ከእናት፣ ከሻንጣና ከመመለሻ በረራ ጋር

ጥያቄው፦ «ከባለቤቴና ከ68 ዓመት እናቴ ጋር ለአራት ሌሊት ዛንዚባር፣ ኑንግዊ እናርፋለን። በሦስተኛው ቀን ለእኛ ብቻ የሚሆን የግማሽ ቀን ጉብኝት መያዝ ፈልገን አንድ አስጎብኚ ስቶን ታውንን፣ የቅመም እርሻን፣ ፕሪዝን አይላንድንና የጆዛኒን ጫካ በአንድ ግማሽ ቀን አሳያችኋለሁ አለን። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ጾምም ትይዛለች። የመመለሻ በረራችን ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ይቻላል? ካልተቻለስ ምን እንምረጥ?»

ምላሽ፦

አራቱ በግማሽ ቀን አይሆኑም። በጤና ጉልበትም አይሆኑም። ሁለቱ ግን ይሆናሉ፤ የቅመም እርሻውና አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን። እነሱንም የምመክርዎ በሦስተኛው ቀን ሳይሆን በመመለሻችሁ ቀን፣ ሻንጣችሁን መኪናው ላይ ጭናችሁ እንድታዩዋቸው ነው።

ምክንያቱ መንገዱ ነው። ኑንግዊ የደሴቱ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ነው፤ ከስቶን ታውን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መንገዱ በየመንደሩ መሃል ስለሚያልፍ፣ የፍጥነት መቀነሻውና የፖሊስ ኬላውም ስላለ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በሦስተኛው ቀን ሄዳችሁ ብትመለሱ ከግማሽ ቀኑ አምስት ሰዓት ሦስቱ መኪና ላይ ያልቃል ማለት ነው። የኤርፖርቱ መንገድ ግን የማይቀር ነው። የቅመም እርሻዎቹ የሚበዙበት የኪዚምባኒና የኪዲቺ አካባቢ ከከተማው ሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ፣ ከኑንግዊ ስትመጡ ከመንገዳችሁ ብዙም አያስወጣችሁም። ኤርፖርቱ ደግሞ ከስቶን ታውን በስተ ደቡብ፣ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ስለዚህ ጉዞው ከሰሜን ወደ ደቡብ አንድ መስመር ይሆናል፤ ያለፋችሁበትን አትደግሙም።

ጆዛኒን ከዚህ ጉዞ ያስወጡት። ከስቶን ታውን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይገባል፤ ከኑንግዊ ሲሄዱ የደሴቱን ርዝመት ማቋረጥ ነው። ከዛንዚባር ሌላ በዱር የማይገኘውን ቀይ ኮሎበስ ጦጣ በቅርብ የሚያሳይ ድንቅ ቦታ ነው፤ የሚመቸው ግን በደቡብ ወይም በምሥራቅ ዳርቻ ላረፈ ሰው ነው።

የሰዓቱን ሂሳብ ከበረራው ወደ ኋላ ይቁጠሩት። ለ11 ሰዓት በረራ 8 ሰዓት ላይ ኤርፖርት መድረስ ያስፈልጋል። ከኑንግዊ ጠዋት 1፡30 ብትነሱ እርሻው 2፡45 ላይ ትደርሳላችሁ። እዚያ አንድ ሰዓት ከሩብ ይበቃል። 4 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ 4፡40 ገደማ ስቶን ታውን ናችሁ። ለእግር ጉዞው ሁለት ሰዓት መድቡ፤ በጤነኛ እግር አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃው ነበር፣ የእናትዎን እረፍት ግን ከወዲሁ ማስገባት ይሻላል። 6፡40 ላይ ምሳ፣ 7፡30 ላይ ወደ ኤርፖርት። የምትተርፈዋ ደቂቃ ለመንገድ መዘጋጋት ናት፤ ለተጨማሪ ሱቅ አትስጧት። ቀኑ ዓርብ ከሆነ ደግሞ ከ6፡30 ጀምሮ ለጁምዓ ሶላት ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ በመስጊዶቹ ዙሪያም መንገዱ ይሞላል። ያን ቀን ከኑንግዊ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ተነሱ።

ሰዓት ካነሳን፣ ለእኛ ሰው ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደ እኛ ሰዓትን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። «ሳአ ምቢሊ አሱቡሂ» ማለት ልክ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ የሁለቱ አገር ሰዓትም አንድ ነው። ይህ የሚያቀል ይመስላል፤ ስህተት የሚመጣው ግን ከዚሁ ነው። አስጎብኚው ከውጭ እንግዳ ጋር በእንግሊዝኛ ሲነጋገር በፈረንጅ አቆጣጠር ያወራል፤ ሾፌሩን ሲያዝ በስዋሂሊ ይቆጥራል፤ እርስዎ ደግሞ በልብዎ በአማርኛ ያሰላሉ። በመሃል አንዱ ሳይገለብጥ ወይም ሁለቴ ገልብጦ ስድስት ሰዓት ይሳሳታል። በመልእክት ሲስማሙ በሁለቱም ይጻፉት፦ «07፡30፣ ሳአ ሞጃ ና ኑሱ አሱቡሂ»። አሱቡሂ ጠዋት ነው፣ ምቻና ቀን፣ ጂዮኒ ከሰዓት በኋላ ወደ ማምሻው፣ ኡሲኩ ሌሊት። ሾፌሩ ራሱ ከዋዜማው ማታ መልሶ እንዲያረጋግጥ ይጠይቁ።

የቅመም እርሻው

እናትዎ ከማንም በላይ የሚደሰቱት እዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ከገበያ ገዝተው የፈጩትን ቅመም ዛፉ ላይ ያዩታል። አስጎብኚው ቅጠል እየቀነጠሰ፣ እየጨመቀ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል፤ ከፈረንጅ ቱሪስት ይልቅ የእኛ እናቶች ቶሎ ያውቁታል።

ቅርንፉዱን በደንብ እንዲያሳይ ጠይቁት። ቅርንፉድ ፍሬ አይደለም፤ ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው። አረንጓዴው ወደ ቀይ ሲያደላ ይለቀማል፣ ምንጣፍ ላይ ፀሐይ እየመታው ቡናማ እስኪሆን ይደርቃል። አበባው ከፈነዳ ዋጋ የለውም። ደሴቱን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያበለጸገው ይኸው እምቡጥ ነው፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ምርት የሚመጣው ከጎረቤቷ ከፔምባ ደሴት ነው። ቁንዶ በርበሬው በሌላ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው፤ ጥቁሩም ነጩም ከአንዱ ተክል የሚገኙ ናቸው፣ ልዩነታቸው የለቀማው ጊዜና ቆዳው መላጥ አለመላጡ ነው። የቀረፋው ሥር ካምፎር ካምፎር ይሸታል፤ ልጣጩን ብቻ ለሚያውቅ ይደንቃል። ገውዝ ፍሬው ሲሰነጠቅ ጥቁሩን ዘር እንደ መረብ የጠመጠመ ደማቅ ቀይ ሽፋን ይታያል፤ እሱም ተደርቆ ራሱን የቻለ ቅመም ይሆናል። ሄልን እንደ ኮረሪማ እታች፣ ግንዱ ሥር፣ መሬት ለመሬት ይፈልጉት፤ ዘመዳሞች ናቸው። ቫኒላ ደግሞ አበባዋ ለአንድ ቀን ብቻ ትከፈትና በእጅ ካልተዳቀለች አታፈራም፤ የተፈጥሮ አዳቃዮቿ የቀሩት በትውልድ አገሯ በመካከለኛው አሜሪካ ነው። ዋጋዋ የሚወደደውም በዚህ ልፋት ነው።

መሬቱ በአብዛኛው ሜዳ ነው፤ ለጉልበት የሚከብደው ሥሩና ጭቃው ነው። ሌሊት ዘንቦ ካደረ፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ትልቁ ዝናብ፣ አፈሩ ያንሸራትታል። በዚያ ወቅት የእርሻውን ጊዜ ወደ 45 ደቂቃ አሳጥሩት። እግር የሚሸፍን፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ ያድርጉ። ከመነሳታችሁ በፊት «ከእኛ ጋር ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አሉ፤ አጭሩን ዙር ምራን፣ መቀመጫ ይኑር» ብላችሁ ንገሩት። ትንኝ ስላለ መከላከያ ቅባት ይቀቡ።

መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ኮኮናት ዛፍ ላይ እየዘፈነ የሚወጣ ወጣት ነው፤ ያያችሁትና ያጨበጨባችሁለት እንደሆነ ትንሽ መስጠት ተገቢ ነው፣ ዝርዝር ሺሊንግ ያዙ። ሁለተኛው የቅመም መሸጫው ነው። የመግዛት ግዴታ የለባችሁም። የምትገዙ ከሆነ ያልተፈጨውን ግዙ፤ የተፈጨ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፣ ሽታውም ቶሎ ይሄዳል። ቅርንፉዱን በጥፍርዎ ሲጫኑት ዘይት ብቅ ካለ ጥሩ ነው። ውሃ ውስጥ ቢጥሉት ጥሩው ይሰምጣል ወይም ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ ዘይቱ ያለቀበት ጋደም ብሎ ይንሳፈፋል። «ሳፍሮን» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን አይግዙ። ሳፍሮን በዛንዚባር አየር አይበቅልም፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጧችሁ ዘሩን ለጾም ፍትፍት የምንጨምቀውን የሱፍ ተክል አበባ ነው። ቀለም ይሰጣል እንጂ ጣዕሙ የለውም።

ስቶን ታውን

እዚህ ጉልበትን የሚያድነው መኪናውን በትክክል መጠቀም ነው። የውስጡ ጎዳና ጠባብ ስለሆነ መኪና አይገባበትም። ብዙ አስጎብኚ ባሕሩ ዳር፣ ፎሮዳኒ አትክልት ስፍራ አቁሞ ሰውን ያዞርና ወደዚያው ይመልሳል። ይህ መንገዱን በከንቱ ያረዝመዋል። ይልቅ በምሥራቅ በኩል፣ በዳራጃኒ ገበያ ወይም በካቴድራሉ አጠገብ አውርዷችሁ፣ ሾፌሩ መኪናውን ዞሮ ፎሮዳኒ ይጠብቃችሁ። ቀጥታው ከአንድ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ለዚህ ሾፌርና አስጎብኚ የተለያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው። ሻንጣ የተጫነበት መኪናም ያለ ሰው እንዳይቆም ይህ የግድ ነው።

መጀመሪያ ክራይስት ቸርች ካቴድራል ይግቡ። የምሥራቅ አፍሪካ ትልቁ የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታ ነው። ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዝ ግፊት የባሪያን ንግድ የከለከለውና ገበያው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግንባታ የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። መንበሩ የቆመው ሰዎች ታስረው ይገረፉበት በነበረው ግንድ ቦታ ላይ ነው። በውስጡ ያለው መስቀል የተሠራው የእንግሊዛዊው ሚስዮናዊና አገር አሳሽ የሊቪንግስተን ልብ በአሁኗ ዛምቢያ ከሥሩ ከተቀበረበት ዛፍ ነው። በግቢው ከመሬት በታች በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ የሰው ሐውልቶች ቆመዋል፤ ሰንሰለቱ እውነተኛ የዘመኑ ሰንሰለት ነው። ከዚህ ቦታ አትቸኩሉ። አስጎብኚው ሲሮጥ ካያችሁት አስቁሙት፤ ሌላውን ነገር ማሳጠር ይቻላል። በግቢው ከመሬት በታች ወዳለው ክፍል የሚወርደው ደረጃ ግን ጠባብ፣ ጣሪያውም ዝቅተኛ ነው። እናትዎ ከላይ ይቆዩ፤ አንዳችሁ ከእሳቸው ጋር ሁኑ።

ከዚያ በመተላለፊያዎቹ ወደ ባሕሩ ትወርዳላችሁ። ረጃጅሞቹ ቤቶች ጥላ ስለሚጥሉ በቀትርም ቢሆን ከባሕሩ ዳር ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ እርሻውን በጠዋት፣ ከተማውን ወደ ቀትር ያደረግሁት ለዚህም ጭምር ነው። በየቤቱ ግንብ ሥር የተሠራው የድንጋይ መደብ ባራዛ ይባላል፤ ሰው አረፍ የሚልበት ነው፣ እናትዎም ሲደክማቸው ሳይሳቀቁ ይቀመጡበት። በሮቹን ሲያዩ ከላይ ቀጥ ያለው የዓረብ ሥራ ነው፣ ከላይ ክብ ሆኖ የናስ ጉጦች የተተከሉበት የሕንድ ነው። ይህችን ያወቀ ሰው መንገዱን ሁሉ በራሱ ያነበዋል። ከተማው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

«ድንቅ ቤት» የተባለውን ቤት አል አጃይብን ከውጭ ብቻ ለማየት ተዘጋጁ። ባርጋሽ እ.ኤ.አ. በ1883 ያሠራው ይህ ሕንፃ ዲሴምበር 25 ቀን 2020 በከፊል ፈርሷል። ጎኑ ያለው አሮጌው ምሽግ፣ ንጎሜ ኮንግዌ፣ ጥላና መቀመጫ አለው። ጉልበት ቢያስቸግር ጉዞው እዚያ ቢያበቃ የቀረ ነገር የለም።

ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። ለእናትዎ ነጠላ ከበቂ በላይ ነው። በረመዳን ቀን ላይ በአደባባይ አትብሉ፣ አትጠጡ፤ ብዙ ምግብ ቤትም ዝግ ነው። ሰው ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፤ ወታደርና ፖሊስ ደግሞ ጨርሶ። ወጣቶች እናትዎን «ሺካሞ» ብለው ሰላም ይሏቸዋል። እግርዎን ይዣለሁ እንደማለት ነው፤ የእኛን ጉልበት መሳም ይመስላል። መልሱ «ማራሃባ» ነው። ይህችን አንድ ቃል ያስጠኗቸው፣ ፊቶች ሁሉ ይበሩላቸዋል። አስጎብኚው ሲፈጥን ደግሞ «ፖሌ ፖሌ» በሉት፤ ቀስ በል ማለት ነው።

ምሳን በተመለከተ፣ ለጾም የሚሻለው በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ መሳይ ቦሎቄ ነው፤ «ማሃራጌ ያ ናዚ» ብለው ይዘዙ፣ ከነጭ ሩዝ ጋር። ፒላው የሚባለው ሩዝ ቅመሙ ቢማርክም በሥጋ መረቅ ስለሚበስል ለጾም አይሆንም። ኡሮጆ የተባለውም ጎምዘዝ ያለ ሾርባ እንቁላል ወይም ሥጋ ሊገባበት ስለሚችል ሳትጠይቁ አታቅርቡላቸው።

ስለ ፕሪዝን አይላንድ

ባለቤትዎና እርስዎ በጣም የምትፈልጉት ከሆነ፣ በቅመም እርሻው ምትክ እንጂ በተጨማሪ አይሁን። ደሴቲቱ፣ በስዋሂሊ ቻንጉ፣ ከስቶን ታውን በጀልባ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ናት። እስር ቤቱ እስረኛ አልገባበትም፤ ቦታው ያገለገለው በሽታ ሊኖርባቸው ይችላል የተባሉ መንገደኞች ለይቶ ማቆያ ሆኖ ነው፣ በተለይ ለቢጫ ወባ። (ዛሬም ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ስለሚጠየቅ፣ ሦስታችሁም ይዛችሁ ኑ።) አሁን ሰው የሚሄደው ግዙፎቹን ኤሊዎች ለማየት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ከሲሸልስ በስጦታ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው።

ችግሩ ያለው መሳፈርና መውረዱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ከአሸዋው ውሃ ውስጥ ገብቶ ወደ እንጨት ጀልባ መውጣት ነው፤ ውሃው ጉልበት ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፋል፣ ጀልባውም ይወዛወዛል። እዚህ ባሕር ሙላትና ጉድለቱ በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው፤ አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ ሰሞን ልዩነቱ 4 ሜትር ይደርሳል። በእነዚያ ቀናት ባሕሩ የሚጎድለው በጉብኝት ሰዓት፣ ከረፋዱ 4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ግማሽ ጨረቃ ሰሞን ግን በዚያው ሰዓት ሙላት ይሆናል፣ ልዩነቱም ያንሳል፤ ለጀልባ የሚመቸው ያ ነው። ነፋሱም ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ በጠዋት መሄድ ይሻላል። ለሁሉም ሰው የሚሆን የሕይወት ጃኬት ከሌለ ጀልባው ላይ አትውጡ። እናትዎን ግን እኔ በዚህ ጀልባ አላሳፍራቸውም።

ከመክፈልዎ በፊት

ለአስጎብኚው በጽሑፍ የሚጠይቁት ይህ ነው። ዋጋው ለመኪናው ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? ሌላ እንግዳ በመንገድ ይጫናል? «የግል» የሚለው ቃል ለአንዳንዱ የግል መኪና፣ እርሻው ላይ ግን የጋራ ቡድን ማለት ነው። የእርሻው፣ የካቴድራሉ መግቢያና የኤርፖርት ማድረሻው ተካቷል? ከኑንግዊ ለመነሳት ተጨማሪ አለው? መኪናው አየር ማቀዝቀዣ አለው? ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ከሦስት ተሳፋሪና ከአስጎብኚ ጋር ይይዛል? ትንሽ መኪና አይበቃም፤ ሚኒቫን ይጠይቁ። የሥዕልና የጌጥ ሱቆች ላይ እንደማትቆሙም ከወዲሁ ይስማሙ፤ ሱቁ ለአስጎብኚው ኮሚሽን ስለሚከፍል ሳይታወቅ 40 ደቂቃ ይሄዳል።

ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መታወቂያ ይይዛል፤ ማሳየት የማይፈልገውን ይተዉት። መንገድ ላይ ተጠግተው «ላስጎብኛችሁ» የሚሉትን የአገሬው ሰው ራሱ ፓፓሲ ይላቸዋል፣ መዥገሮች ማለት ነው። ሙሉውን ገንዘብ አስቀድመው አይክፈሉ፤ ጥቂት ቀብድ ሰጥተው ቀሪውን ኤርፖርት ስትወርዱ ይክፈሉ። ዶላር የምትይዙ ከሆነ ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ወይም የተቀደደ አይቀበሉም።

ስስ የፕላስቲክ ከረጢት በታንዛኒያ የተከለከለ ነው፤ ቅመሙን የሚይዙበት የጨርቅ ቦርሳ ከቤት ይዘው ይምጡ። ዛጎልና ኮራል አይግዙ፣ ኤርፖርት ላይ ያስይዛል። ውሃ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሊትር ተኩል መኪናው ላይ ይኑር። የእናትዎ መድኃኒትና ለአውሮፕላን የሚቀይሩት ደረቅ ልብስ ደግሞ ከሻንጣው ሥር ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ በዚያ ወበቅ ሁለት ሰዓት የተራመደ ሰው ልብሱ ሳይርስ አይቀርም።